ሴቶቹ የጠፉበት መዝሙር

የአልጋ ጎረቤቴ ሆይ፣

ብርዱ እንዴት ይዞሻል? እናትሽስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ፍየሎቹ ከበረዶው ተረፉ ወይ? ሰሞኑን ከናንተ ተራራ የሚወርደው ሰው ሁሉ ብርድ ልብስ በብርድ ልብስ ላይ ደርቦ ሳየው አንቺ ትዝ ትዪኛለሽ። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ሳል የለም፣ የሌሊት ላብ የለም። ሥጋ ስለጨመርኩ በሆስፒታሉ ጊዜ ያጠበብኳቸውን ቀሚሶች መልሼ እየተረተርኩ ነው።

ስልክሽን ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ዝግ ነው ይለኛል። ኔትወርኩ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ይህን ወረቀት የምልክልሽ ወደናንተ ተራራ፣ ወደ ሞኾትሎንግ በሚወጣው ሚኒባስ ሾፌር እጅ ነው። እናትሽን ስለሚያውቃቸው እቤት ድረስ አደርሰዋለሁ ብሎኛል።

በሚያስቅሽ ነገር ልጀምር። መሮጥ ጀምሬያለሁ። አዎ፣ እኔው ነኝ፤ ግድግዳ እየዳበሰች መታጠቢያ ቤት ለመድረስ ስትታገል፣ አንቺ አልጋሽ ላይ ሆነሽ እንደ ሬዲዮ ስፖርት ጋዜጠኛ “አሁን በሩን አለፈች፤ ሕዝቡ ቆሞ እያጨበጨበ ነው” እያልሽ የምትዘግቢባት ሴትዮ።

የመጨረሻዋን ክኒን ውጬ ሐኪሙ ከቲቢው ነጻ ነሽ ባለኝ ቀን፣ ሳንባሽ ጠባሳ ይዟል፣ ካላሠራሽው አይሰፋም አለኝ። መጀመሪያ በእግርሽ ሂጂ፣ ስትችዪ ሶምሶማ። ጂንስ ፋብሪካው መልሶ ወሰደኝ፤ አሁንም ኪስ ነው የምሰፋው። አጠገቤ ያለው ማሽን ላይ ሞሊዬሂ የምትባል ዚፕ ሰፊ አለች። አፏ አያርፍም፣ ክፋት ግን አታውቅም። እሑድ እሑድ ጠዋት ከሌሎች የፋብሪካው ሴቶች ጋር ወደ ሞሆካሬ ወንዝ በሚወስደው መንገድ ይሮጣሉ። ነይ አለችኝ፣ ሄድኩ።

እግሬስ እሺ ብሎኝ ነበር። ያስቸገረኝ የገዛ ትንፋሼ ነው። ትንሽ ፈጠን ስል ሲር ሲር ይልብኛል። ያን ድምፅ ደግሞ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ የክፍላችን ድምፅ ነው። ጥጉ ላይ ተኝተው የነበሩት እማማ መጨረሻቸው ሲቃረብ እንዴት ይተነፍሱ እንደነበር ትዝ ይልሻል። እሱን ከራሴ ደረት ሲወጣ ስሰማው ሩጫውን አቆማለሁ። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ እልና ሴቶቹ ዞረው እስኪመለሱ እጠብቃለሁ። ሞሊዬሂ ሰነፍ እያለች ስትስቅብኝ ቆየች። ምክንያቱን ስነግራት ግን ቀልዱን ተወችና፣ ሙዚቃ ጆሮሽ ላይ አድርጊ፣ ያኔ ትንፋሽሽን አትሰሚውም አለችኝ።

እሷ የምትሮጠው ስልኳን ክንዷ ላይ አስራ ነው፤ የደም ግፊት የምትለካ ነው የምትመስለው። ስልክ ደግሞ ይጠራል። የፈረቃ አለቃችን፣ አማቷ፣ አከራይዋ፣ ሁሉም እሷን የሚፈልጓት እሑድ ጠዋት ነው። የኔን ስልክ ታውቂዋለሽ፣ ስክሪኑ በፕላስተር ተይዞ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ለዚሁ ብቻ የተሠራ፣ ልብስ ላይ ቆንጥጦ የሚቀመጥ ትንሽ ሙዚቃ ማጫወቻ ልግዛ አልኩና፣ ቅዳሜ ከሥራ ስንወጣ ሞሊዬሂን አስከትዬ ከመናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ሱቅ ገባሁ።

ሻጯ ሊኬሌሊ ትባላለች። ማስቲካ የምታኝክ ቀጭን ልጅ ናት፤ ትዕግሥቷን ለኔም ይስጠኝ። ለሩጫ ነው ስላት ሦስት ዓይነት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችልኝ።

የመጀመሪያው መልኩ ያማልላል፤ ስክሪኑ መስተዋት ነው። ግን የሚታዘዘው ባዶ ጣት ሲነካው ነው፣ እኔ ደግሞ በዚህ ብርድ ያለ ጓንት አልሮጥም። ጓንቴን አጥልቄ ብነካው፣ ብደባብሰው፣ ዝም አለኝ። ሞሊዬሂ ይኼማ ቁርጥ የድሮ ባሌን፣ መልክ ብቻ አለችና ወደ ጎን ገፋችው።

ሁለተኛው ዋጋው ደህና ነበር፤ ልገዛው እጄን ወደ ቦርሳዬ ስሰድ ሊኬሌሊ እስቲ መጀመሪያ ዝለይበት እትዬ አለችኝ። ሱቅ መሀል ዘለልኩ። መቆንጠጫው የላላ ኖሮ ከደረቴ ተስፈንጥሮ ወለሉ ላይ እየተንሸራተተ መደርደሪያው ሥር ገባ። ልጅቷ በሆዷ ተኝታ በመጥረጊያው እንጨት ጎትታ አወጣችው።

ሦስተኛው የአውራ ጣቴን ያህላል። ስክሪን የሚባል ነገር የለውም። ፊቱ ላይ ጎላ ጎላ ያሉ ቁልፎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ ጓንት አጥልቄ፣ ዓይኔንም ጨፍኜ አገኘኋቸው። መቆንጠጫውማ ሹራቤን ነክሶ ያዘ። ዘለልኩ፣ ተወዛወዝኩ፣ አንዴም አልተነቃነቀም። ባትሪ ሊገዙ የገቡ ሽማግሌ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና ሠርግ ነው ወይ ብለው ጠየቁ።

ከመክፈሌ በፊት ድምፁን ልስማው አልኩ። ሚሞሪውን ከስልኬ አውጥቼ ከተትኩበት። በውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ከሆስፒታል ስትወጪ የሰጠሽኝ፣ የናንተ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን መዝሙር ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ በስልኩ ድምፅ ማጉያ እንጂ በጆሮ ማዳመጫ ሰምቼው አላውቅም። ሁለቱንም ጆሮዬ ውስጥ ሰክቼ መሀል ያለውን ቁልፍ ተጫንኩ።

ወንዶቹ ከታች፣ ከምድር ሥር እንደሚመጡ ሆነው ጀመሩ። ከዚያ ሴቶቹ የሚገቡበት ቦታ ደረሰ። አልገቡም። ወንዶቹ ብቻቸውን ቀጠሉ፤ መልስ የማይሰጣቸውን ሰው እንደሚጠሩ ዓይነት። መልሼ ከመጀመሪያው አስጀመርኩት። ያው ነው።

ይኼም ተበላሽቷል፣ ሴቶቹ አይዘምሩም አልኳት ለሊኬሌሊ። ማዳመጫውን ተቀብላ ጆሮዋ ላይ አደረገች፤ ጭንቅላቷን በዜማው እየነቀነቀች ትንሽ ሰማችና፣ ኧረ እየዘመሩ ነው እትዬ፣ ሴቶቹ በግራ ናቸው፣ ወንዶቹ በቀኝ፣ እንደዚያ ተደርጎ ነው የተቀረጸው አለችኝ።

እንዲህ ስትለኝ ነገሩ ገባኝ። አመሰግናለሁ ብዬ መውጣት እችል ነበር፤ እግሬም ወደ በሩ ዞሮ ነበር። ግን ያ መዝሙር ሴቶቹ ጎድለውበት ጭንቅላቴ ውስጥ ይዞር ጀመር፣ እንደዚያ ይዤው መሄድ አልቻልኩም።

“ግራ ጆሮዬ አይሰማም” አልኩ።

ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ሞሊዬሂ ስታየው የነበረውን ባትሪ አስቀመጠች።

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከሆስፒታል። ለሳንባዬ ከወጉኝ መርፌ።”

ከግራዬ ወደ ቀኜ ዞራ መጣች። ከዚያ፣ “በግራሽ ተቀምጬ ስጠራሽ የምትዘጊኝ ለዚህ ነው እንዴ? እኔ እኮ ኮርታብኛለች እያልኩ ፋብሪካውን ሁሉ አዳርሼ አማሁሽ” አለችኝ። ሳቄ መጣ፤ እሷ ግን አልሳቀችም፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ፋብሪካ ውስጥ ማሽኑ ስለሚጮህ ሁሉም ሰው እየጮኸ ነው የሚያወራው፤ የቀረውን ከከንፈር አነባለሁ። በዚያ ተሸሽጌ ነበር።

ሊኬሌሊ ማጫወቻውን ከእጄ ወሰደች። ከሱቁ ኮምፒውተር ጋር አገናኝታ ማስቲካዋን እያኘከች ስትፈልግ ቆየች። ኋላ ሁለቱን ወገን አንድ ላይ የሚቀላቅል ነገር አገኘሁ፣ ካሁን በኋላ በአንዱ ጆሮሽ ሁሉንም ትሰሚያለሽ አለችና ማዳመጫውን ራሷ ቀኝ ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ።

ወንዶቹ ጀመሩ። ሴቶቹ የሚገቡበት ቦታ ደረሰ። ገቡ። ከሁሉም በፊት ብቻዋን ከፍ ብላ የምታወጣዋ አንቺ ነሽ፤ ሌሎቹ ተከትለውሽ ሲመጡ ሱቁ ሞላብኝ። እንባዬ ጓንቴ ላይ ይወርድ ጀመር። ሊኬሌሊ ደንግጣ የግራውን ማዳመጫ ለራሷ ሰካችና፣ ያቺ የምታወጣዋ ማናት አለችኝ። የአልጋ ጎረቤቴ ናት አልኳት። ሌላ ምን እንደምላት አላወቅኩም።

እንደዚያ ገዛሁት። በማግስቱ ስንሮጥ ግን ሌላ ጣጣ መጣ፤ ደህናውን ጆሮዬን በመዝሙር ስደፍነው ከኋላ የሚመጣ መኪና አልሰማም። ሞሊዬሂ አስባበት ኖሮ ከመጀመሪያው ከመንገዱ በኩል ሆነች። መኪና ሲመጣ ትከሻዬን መታ ታደርገኛለች፣ ወደ ዳር እወጣለሁ። ስታወራ ደግሞ ዞር ብላ ፊቷን ታሳየኛለች፤ ወሬዋ ስለማያልቅ የምትሮጠው ግማሹን ወደ ኋላ ነው። ትንፋሼን አልሰማሁትም። ይኖር ነበር፣ ደረቴ ሲነሳና ሲወርድ ይሰማኛል፣ ግን አላስፈራኝም። የምቀመጥበትን ድንጋይ ሳላየው አልፌዋለሁ። ወንዙ ጋ ስንደርስ ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ፤ ሞሊዬሂም በዚያው ባማችኝ አፏ እየጮኸች የዛሬውን ጠላ ከፋይ እኔ ነኝ አለች። ክረምቱ ሲያልፍ ለሴቶች የሚደረግ ሩጫ አለ፤ ተመዝግበናል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ለምን እንደጻፍኩልሽ ልንገርሽ።

ጆሮሽ ጭው ማለት በጀመረበት ሳምንት፣ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙረሽ፣ “መዝሙር የማልሰማ ከሆነ ሳንባው ምን ያደርግልኛል?” ብለሽኝ ነበር። ያኔ የኔ ግራ ጆሮ ሄዶ አልቆ ነበር። አንቺን ላለማስፈራራት ዋጥኩት፤ ስሰማሽ የነበረውም በአንዱ ነበር። አሁን ግን እወቂው። በአንድ ጆሮ መዝሙር ሙሉውን ይገባል። ድምፅሽ ምንም አልጎደለበትም።

ባለፈው ሳምንት ለምርመራ ስሄድ ሲስተር ማሌራቶን አገኘኋት። አሁን በመርፌው ፈንታ የሚዋጥ መድኃኒት መጥቷል አለችኝ፤ ከመጀመራቸው በፊትም ጆሮን በመሣሪያ ይለካሉ፣ ድሮ እንደኛ ጊዜ አይደለም። ከዚያ ስላንቺ ጠየቀችኝ። በረዶው መንገዱን ዘግቶባት ይሆናል አልኳት። ካርድሽ እጇ ላይ ነበር፤ መድኃኒት ሳትወስጂ ያለፉት ሳምንታት ባዶ ናቸው። መንገዱ ክፍት እንደሆነ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። አልተቆጣችም። ሰኞ ጠዋት የሆስፒታሉ በር ላይ የምቆመው እኔ ነኝ፣ ማንም ምንም አይጠይቃትም፣ ዝም ብላ ትግባ፣ ንገሪያት አለችኝ።

እኔም ምንም አልጠይቅሽም። ቅዳሜ እመጣለሁ። ለእናትሽ ሻይና ስኳር፣ ለጉልበታቸው የሚቀባ ነገር ይዣለሁ። ማጫወቻዋንም አመጣታለሁ፤ የማዳመጫውን አንዱን ጫፍ አንቺ፣ አንዱን እኔ አድርገን እንሰማለን። ሁለታችንም ሙሉውን ነው የምንሰማው። እናትሽ ብርድ ነው፣ ርቀት ነው ቢሉ፣ እኔ አነጋግራቸዋለሁ። ብርድ ልብስሽን እና ወፍራሙን ካልሲሽን አውጥተሽ ጠብቂኝ።

እስከዚያ አምላክ ቤታችሁን ያሙቅላችሁ። እናትሽን ያቆይልሽ። ደረትሽ አየር አይጣ፣ ድምፅሽም ከመዘምራኑ ፊት አይጉደል።

ሾፌሩ ለመሄጃው አንድ ቦታ ይዞልኛል። እሑድ ለመመለሻው ግን ሁለት እንዲይዝልኝ ነግሬዋለሁ።

የአልጋ ጎረቤትሽ