የጃለኔ ሙዳይ በእኔ ስም

መቱ፣ ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳያት፤

ሰላምታዬ ይቅደም፣ ቁጣዬ ይከተላል። የአዳማ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ ዘንድ ዝናቡ ገብቷል፤ ደኅና ነን። በስልክ እንዳልነግርሽ ታቋርጪኛለሽ። ድምፄን ቀድቼ እንዳልልክልሽ ደግሞ ሙዚቃ አስገብተሽ ትለጥፊዋለሽ። ይህን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ከለጠፍሽው አልምርሽም።

ለስፌቴ ኢንተርኔት ላይ የከፈትሽልኝ ገጽ ሰው አብዝቶልኛል፤ አልክድም። የሚመጣው ግን ገዢ ብቻ አይደለም። ሁሩሙ ገበያ ሸራዬን ዘርግቼ ስቀመጥ አንዱ ሰፌዱን ራሱ ላይ ደፍቶ ፎቶ ይነሳል፤ ሌላው «እማማ፣ ፈገግ ይበሉ» ይለኛል። አንዲቱ ዋጋ እንኳ ሳትጠይቅ «በርቱ» ብላኝ ሄደች። አንቺም በየሳምንቱ «ስትሰፊ ተቀረጪ፣ እጅሽ ይታይ» ትያለሽ። ስልኩ ሞልቷል፣ ኔትወርክ የለም፣ ዝናብ ነው እያልኩ ስንት ጊዜ አመለጥኩሽ። አንድ ቀን እንኳ ለምን ብለሽ አልጠየቅሽም።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ከጥር ወዲህ የቀኝ እጄ ጣቶች ወስፌ አይጨብጡም። የጀመርኳቸውን ስፌቶች የጨረሰችልኝ ጃለኔ ናት፤ ገበያ አጠገቤ የምትቀመጠው የሁሩሙ ልጅ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ከመነሻው እስከ ክዳኑ እሷው ሰፋቻቸው፤ አንድ ሸራ ላይ እንሸጣለን። ፎቶ ስልክልሽ የማን ሥራ እንደሆነ አልነገርኩሽም። ያ ሁሉ ሰው የወደደው፣ ጥቁርና ቀይ ጥለት ያለው ሙዳይ፣ ጥለቱም ስፌቱም የጃለኔ ነው። ከሥሩ ግን «የእናቴ እጅ ሥራ» ብለሽ ጽፈሻል፤ እኔም አይቼ ዝም አልኩ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት አንዲት ኦሮምኛ የማትሰማ ልጅ ገጽሽን አይታ ከጅማ መጣች። ስልኳን ደቅና አንድ ዙር ብቻ ይስፉልኝ አለችኝ። ወስፌዬን ቤት ረስቻለሁ አልኳት። ጃለኔ አንድ ዙር እንኳ አያቅታትም ብላ የራሷን አቀበለችኝ። እኔ ሳመነታ ልጅቷ ያን ሙዳይ ከስልኳ አውጥታ ለሁለታችንም አሳየችን።

«የእናቴ እጅ ሥራ ይላል። እርስዎ ነዎት አይደል?»

ጃለኔ እንዲህ ያለ ስልክ የላትም፤ ሥራዋን እዚያ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። አማርኛዋ ከእኔ አያንስም። ሆኖም ወደ እኔ ዞር ብላ፣ በኦሮምኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ይቺ የእኔ ናት አይደል አለችኝ። እንግዳዋ ፊት እንዳላፍር ብላ ነው። እኔም በኦሮምኛ «ኤዬ» ብዬ አመንኩላት። ለእንግዳዋ ግን በአማርኛ «አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። ሁለቱንም የሰማችው ጃለኔ ብቻ ናት።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ገበያ ቀረች። ትናንት ቤቷ ሄድኩ። ይቀመጡ አለችኝ፤ ውሃ ሰጠችኝ። «ስምሽን በገጹ ላይ አስጽፋለሁ» ስላት መለሰችልኝ።

«እትዬ ጥሩነሽ፣ ስሜ ባይጻፍ አልሞትም። ለልጅዎ ሕመምዎን መደበቅዎ ይገባኛል። እዚያው አጠገብዎ ቁጭ ብዬ እያለሁ እኔን መካድዎ ግን አልገባኝም።»

ለራሴም አልገባኝም። ስወጣ ደጅ ድረስ ሸኝታኝ፣ ለሚቀጥለው ገበያ እመጣለሁ፣ ግን እውነቱን ለሰው ሁሉ በአፍዎ ይንገሩ፣ በሁለቱም ቋንቋ አለችኝ።

እንግዲህ ስሚኝ። ከዚያ ሙዳይ ሥር የጻፍሽውን አጥፊና የጃለኔን ስም ጻፊ። ተከታዩ ይቀንሳል እንዳትይኝ፤ ይቀንስ። ሥራሽን ጥለሽም እንዳትመጪ፤ መቱም ሐኪም አለ። እስካሁን ያልሄድኩት ጊዜ አጥቼ ነው።

በገበያው ቀን ስትለምኚኝ የኖርሽውን ቪዲዮ እልክልሻለሁ። ጃለኔ ትሰፋለች፣ እኔ እናገራለሁ። ሙዳዩን ከፍ አድርጌ ሳሳይ እጄ ይንቀጠቀጣል። እዚያ ላይ እንዳትቆርጪው።

መድኃኔዓለም በወጣሽበት በገባሽበት ይከተልሽ፤ ሰው ፊት አንገትሽን አያስደፋሽ።

እናትሽ ጥሩነሽ