ለሞተ ሰው እልል ስላለችው ማኪና

ይህን የሚጽፈው እጅ የጎረቤቴ የሻምበሉ ባለቤት የወይዘሮ ላቀች ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ የተመልሶ ሃብተሚካኤል ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም።

ለክቡር የደብራችን አስተዳዳሪ፣ መልአከ ፀሐይ ገብረመድኅን በለጠ፣
ጸጸራት፣ አስመራ።

ክቡርነትዎ በጤና መሰንበትዎን ከድምፅ ማጉያዎ ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ ሳልዎን ከከተማው ወዲያ ዓዲ ኣበይቶ ያሉት ዘመዶቼም ሳይሰሙት አይቀሩም።

አንደኛ፣ አርባ ዓመት የመታሁትን የድንጋይ ደወል አስወርደው ድምፅ የምትይዝ ማኪና ስለተከሉልን ምስጋናዬ ብዙ ነው። «ዘመኑ ነው፤ ሹማምንቱም ሲመጡ ያምራል» ብለውኛል። ይህ ዘመን የሚሉት ካህን ይሁን ምእመን ግን አልነገሩኝም፤ ሲያስቀድስም አይቼው አላውቅ።

ሁለተኛ፣ ድንጋዩ ለቅዳሴ ፈጠን ተደርጎ፣ ለሞት እያረፈ ይመታ ነበር፤ ሰውም ለይቶ ሥራውን ጥሎ ይመጣ ነበር። ማኪናዎ የምታውቀው የንግሥ ዕለት የተቀዳውን ብቻ ነው። ባለፈው ማክሰኞ፣ ያውም በዓቢይ ጾም፣ የደብሩን በሮች የሠራው አናጢ ወዳጄ ተኽኣ ሲቀበር ደወለችና የሴቶቹን እልልታ አስከትላ ለቀቀችው። ሬሳው በሩ ላይ ነበር። ጎረቤት ማኪናዋ የምትሞከር መስሎት ቤቱ ቀረ፤ ቃሬዛ የሚያነሳ እንኳ ጎደለን። እርስዎም «ይለመዳል» አሉ። የሚያስጠረጥረኝ ይኸው ቃል ነው። ይህ ከተለመደ ነገ እናንተ ካህናቱ ቅዳሴውን ለማኪናዋ ትታችሁ ገጀረት ሰፈር ሻሂ ስትጠጡ ብትውሉ ማን ያውቅባችኋል?

ሦስተኛ፣ ባለቤቴ ርግበ ታማ ከተኛች ሁለት ወሯ ነው፤ ሐኪሟም ሲያገኘኝ ዓይን ዓይኔን ማየት ትቷል። አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ፤ «ድንጋዩን ምታልኝ፤ እልል እንዳታሰኝብኝ» አለች። ስለዚህ ድንጋዩን እንዲመልሱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ፤ ትሕትናው ግን ላቀች የጨመረችው ነው።

ላደረጉልን ሁሉ የቀንየለይ፣ አመሰግናለሁ። እግዚአብሔር ጸሎትዎን ከማጉያው ሳይሆን ከራስዎ አፍ ይስማልዎ።

የደብሩ ደዋይ የነበርኩት፣ አሁንም ነኝ የምለው፣
ተመልሶ ሃብተሚካኤል፣ በጣት አሻራዬ
መጋቢት ፳ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ይህን ጨምሪበት፤ ድንጋዩ የት እንደገባ አላውቅም ብለውኝ ነበር። የቤትዎ ደጃፍ መረገጫ ሆኖ አይቼዋለሁ። ርግበ ባረፈች ቀን ገመዴን ይዤ እመጣና እዚያው ግቢዎ ዛፍ ላይ ሰቅዬ እመታዋለሁ፤ ሰፈሩ እርስዎ የሞቱ መስሎት ቢሰበሰብ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

በይ ላቀች፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ፤ ያለዘብሽው ካለ አውቀዋለሁ።