ሽማግሌዎቹ ፊት የጮኸው ስልክ

ውዴ አያሌው፣

ሞት ከለያየን ሁለተኛው ክረምት አልፎ በርበሬው ቀልቷል። ፍኖተ ሰላም እንዳለች ናት፤ ግቢያችን ግን ትንሽ ተለውጧል። የተከልከው አቮካዶ ዘንድሮ አፈራ። ጣሪያውንም አሳደስኩት። የሠራኸው በር አሁንም ሲከፈት ይጮኻል፤ ዘይት ልቀባው እልና አንተ የመጣህ ስለሚመስለኝ እተወዋለሁ። ዛሬ ግን የምትስቅበት ወሬ ይዣለሁ።

ያኔ ተማሪ የነበረችው ልጃችን ሰብለ አሁን የእንስሳት ሐኪም ናት። በየገጠር ቀበሌው እየዞረች ከብት ታክማለች። ስትመለስ ጫማዋ ጭቃ፣ አፏ ሙሉ ወሬ ነው።

አምና ቡሬ ላይ ሱቅ ያለው አንድ ሸበላ ወጣት ወደዳት። እሷም ወደደችው፤ አልዋሽህም፣ እኔም ወደድኩት። ቀስ እያለ ግን የሚደውለው በዛ። የት ነሽ? ከማን ጋር ነሽ? እስቲ ካሜራውን አዙሪና አሳዪኝ። ከመዘምራኑ ውጪ አላት። ገበሬ ቤት ብቻሽን አትሂጂ አላት። መጀመሪያ መዝሙሩን ተወች፣ ከዚያ ጓደኞቿን፤ ቆይቶ ሳቋም ጠፋ። ጎረቤቶቻችን "ታድላ! ባይወዳት መች ይቀና ነበር?" ይላሉ። እኔ ግን ስልኳ በጠራ ቁጥር ፊቷን አያለሁ። የፈራ ሰው ፊት ነበር።

ያኔ አንተን አስታወስኩ። ከቡሬ ገበያ ስመለስ ሚኒባሱ ተበላሽቶ፣ በርበሬ በጫነ አይሱዙ ጋቢና ተሳፍሬ አምሽቼ የገባሁበትን ቀን መቼም አልረሳኸውም። ጎረቤታችን "አያሌው፣ ሚስትህን ሹፌር ይዞልህ መጣ!" ብሎ ሲያሾፍብህ፣ "እግዜር ይስጠው፤ ሌላም ቀን ያምጣልኝ" ብለህ ሹፌሩን ለራት አስገባኸው። እኔን የጠየቅኸኝ "በላሽ?" ብለህ ብቻ ነው። ከዚያ ራስህ የሠራኸውን ሽሮ አቀረብህ። እንዴት ያለ ጓል በጓል የሆነ ሽሮ! ሹፌሩ በትሕትና በላው፤ እኔን ሳቅ ገደለኝ።

በኅዳር ልጁ ሽማግሌ ላከ። ሦስት ሆነው መጡ፤ መሪያቸው ጆሯቸው ትንሽ የደከመ መሪጌታ ናቸው። ሰብለ አልነበረችም። ጠዋት አንድ ገበሬ በሞተር መጥቶ "ላሜ አልወልድ አለችኝ" ሲላት፣ ስልኳን ቻርጅ ላይ እንደተወች ከኋላው ተፈናጥጣ ሄደች። እኔ ጭንቅ ውስጥ ነኝ። እንቢ ብል የወደደችውን ላሳጣት ነው፤ እሺ ብል ደግሞ ያ ፍርሃት ቤቷ ሊሆን ነው።

እንግዶቹ እንደተቀመጡ ስልኩ ጮኸ። ዝም አልነው፤ ደግሞ ጮኸ። መሪጌታ "የቸገረው ሰው ይሆናል" ብለው፣ አጠገባቸው ነበርና ራሳቸው አነሡት። እንዲሰማቸው ድምፁን ከፍ አደረግሁላቸው። "ሃሎ" ከማለታቸው የልጁ ድምፅ ቤቱን ሞላው።

"አንተ ባለሞተር! ስትሄዱ አይተዋችኋል! ስልኳ አንተ እጅ ምን ይሠራል? እግርህን ነው የምሰብረው! እሷንም፣ ቤቴ ትግባ ብቻ፣ አሳያታለሁ!"

መሪጌታ ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው አዩት። "እግሬንስ ድሮም ያመኛል" አሉ። አንደኛው ሽማግሌ ሳቁን በነጠላው አፈነ። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። "ትርንጎ ልጄ፣ ለራሴ ልጅ የማልመርጠውን ለልጅሽ አልለምንለትም። 'ቤቴ ትግባ ብቻ' ሲል ሰምተሻል።"

በዚህ መሃል በሩ ጮኸ። ሰብለ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ አቧራ ለብሳ፣ እየሳቀች ገባች። "እማየ፣ ወለደች! ጥጃዋ ቆማ ጠባች!" እንግዶቹን ስታይ ደነገጠች። እኛ ደግሞ ክንዷን አየን። የጣት ምልክት ያለበት ብልዝ ነበር፤ ሰሞኑን ረጅም እጅጌ የማታወልቀው ለዚህ ኖሯል።

"መናኸሪያ ላይ እሱ ጨብጦኝ ነው" አለች ቀስ ብላ። የሆነውን ነገርናት። ስልኩን አየችው፤ ከዚያ ቀና ብላ "መሪጌታ፣ መልሱን እኔው ልስጥ? እንቢ ብላለች ይበሉልኝ" አለች።

እኔ ምን አልኳት መሰለህ? "በላሽ?"

እሷም "ኧረ ርቦኛል!" አለችኝ። ለሽምግልናው የሠራሁትን ዶሮ ከእንቢታ በኋላ አብረን በላነው። መሪጌታ እንዲህ ያለ ሽምግልና አይቼ አላውቅም እያሉ ሁለት ጊዜ አስጨመሩ። መልሱንም ራሳቸው ለልጁ ነገሩት፤ ደጃችን አልደረሰም።

ሰብለ ወደ መዘምራኑ ተመልሳለች። ገበሬው ጥጃዋን "ሰብለ" ብሎ ስለጠራት ተቆጣሁ ትላለች፤ ግን ባለፈች ባገደመች ቁጥር ሳታያት አትመጣም።

አንድ ቀን ሌላ ሽማግሌ ይመጣ ይሆናል። ያኔ የልጁን ሱቅም ዘርም አልጠይቅም። ልጄ አምሽታ ስትገባ መጀመሪያ ምን እንደሚላት ነው የምጠይቀው። አንተን የማስታውስህ እንዲህ ነው። በሩንም ዘይት አልቀባውም፤ በጮኸ ቁጥር የገባውን ሁሉ በልቶ እንደሆነ እጠይቃለሁ።

ያንተው ትርንጎ