እኔን ያላስፈራራች ጭራቅ

ይህን ብዕር የያዘችው ጎረቤቴ ዴልፊን ናት። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ የወጣች፣ እጅ ጽሑፏ የሚያምር፣ አፏ ግን የማያርፍ ሴት ናት። ቃሉ የእኔ ነው፣ እጁ የእሷ ነው። የራሷን ነገር ጣልቃ እንዳታስገባ አስጠንቅቄያታለሁ። ብታስገባም እኔ ፊደል ስላልቆጠርኩ አላውቅባትም፤ አንቺ ለይተሽ አንብቢው።

ይድረስ ለልጄ ለማቪስ። እንዴት ከርመሻል? ያ የብርድ አገር እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ያስቃስትሻል? ባለቤትሽ ሌስተር ጤናው እንዴት ነው? ትንሹ ኤሞሪስ፣ አደገ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ጥርሴ ጥቂት ቀርቷል፣ ጆሮዬ ግን ከዴልፊን ጆሮ ይሻላል። ደጄ ላይ ያለችው የብርቱካን ዛፍ ዘንድሮም አፍርታለች። የብርቱካን በሽታው የአካባቢውን እርሻ ሁሉ ሲጨርስ እሷ እንደ እኔ ደርቃ፣ እንቢ ብላ ቆማለች።

ዴልፊን ቀድመህ ዋናውን ንገራት እያለች ወረቀቱን በብዕሩ ትመታለች። ልክ ናት። ልጅሽን ኦፓልን አግኝቻታለሁ። ጤነኛ ናት። አልከሳችም፣ አልታመመችም፣ ማደሪያም መብልም አላት። እንግዲህ እንባሽን ጥረጊና ቀሪውን ቁጭ ብለሽ አንብቢ፤ የሚቀረው ሥራ የአንቺ ነውና። በስልክ ያልነገርኩሽ መሃል ላይ ስለምታቋርጪኝ ነው። ደብዳቤ አይቋረጥም።

ያን ቀን ደውለሽ፣ አባዬ፣ ኦርላንዶ ውስጥ ሰው ጭራቅ መስሎ በሚያስፈራራበት የሃሎዊን ቤት ስትሠራ ያያት ሰው አለ፣ እባክህ ሂድና ፈልጋት ስትይኝ ድምፅሽ እንዴት እንደነበረ አልረሳውም። ሁለት ዓመት ሙሉ አንቺም ዝም፣ እሷም ዝም። የነርስነት ትምህርቷን ጥላ እኔ ሰው ማስፈራራት ነው የምፈልገው ስትልሽ፣ እኔ ጭራቅ አልወለድኩም አልሻት። እሷም ስልኳን ቀይራ ጠፋች። የሁለታችሁም ድርቅና ከእኔ የመጣ ነው። አላፍርበትም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ብርቱካን ለቅሜ ያሳደግሁሽ በዚያው ድርቅና ነው። ግን አንዳንዴ ዕረፍት ሊሰጡትም ይገባል።

መጀመሪያ ከዴልፊን ጋር በቀን ሄደን ማስፈራሪያ ቤቶቹ ያሉበትን የመዝናኛ ፓርክ ቢሮ ጠየቅን። የተቀበለችን ልጅ በትህትና፣ አባት፣ ማን ምን ሆኖ እንደሚሠራ ለማንም አንናገርም፣ ደንባችን ነው አለችኝ። አልተቀየምኳትም። ከጭራቁ ልብስ ሥር ያለው ማን እንደሆነ ከታወቀ ማን ይፈራል? ስለዚህ ትኬት ቆርጠን እንደማንኛውም ሰው ልንገባ ወሰንን። አንቺም በቅርቡ ስለምትመጪ፣ አዎ ትመጪያለሽ፣ እኔ የተማርኩትን ይዘሽ ነይ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ድረሺ። ከመሸ በኋላ ሰልፉ አያልቅም። በኦክቶበር እዚህ ገና ሙቀት እንደሆነ በረዶ ውስጥ ተቀምጠሽ ረስተሽው ይሆናል። ካፖርትሽን እዚያው ተዪው፣ ስስ የዝናብ ልብስ ግን ያዢ፤ ዝናቡ ሳይናገር ነው የሚመጣው። ያንን የቤተ ክርስቲያን ጫማሽን እንዳታደርጊ፣ ሸራ ጫማ አድርጊ። ጭምብል አድርጎ የመጣ እንግዳ አይገባም፣ ከቤቱ ጭራቅ ጋር እንዳይምታታ ነው። ኤሞሪንም አታምጪው፣ ገና ሕፃን ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ያባንነዋል።

ደግሞ በልተሽ ነይ። ዴልፊን ብልጥ ልሁን ብላ የተቀቀለ ኦቾሎኒ በፌስታል ቋጥራ ነበር። በር ላይ ያለው ጥበቃ ቦርሳዋን ከፍቶ፣ እማማ፣ ይሄ ከነውሃው ምንድነው አላት። እራቴ ነው አለችው። እንግዲያው እዚሁ ይጨርሱት አላት። እዚያው ቆማ ጨረሰችው፣ ለእሱም አቀመሰችው፣ ከኋላችን የተሰለፈው ሕዝብ ሁሉ እየሰደበን። አሁን ይህን ስትጽፍ ትስቃለች፤ ያን ጊዜ ግን አልሳቀችም።

የመጀመሪያው ቤት በር ላይ ስንደርስ ከውስጥ ጩኸት ሰማች። እኔ የልጆች አውቶቡስ ነድቻለሁ፣ የጩኸት ድርሻዬን ጨርሻለሁ ብላ መውጫው አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። የማታውቃቸው ሰዎች ሁሉ ኮፍያቸውንና መነጽራቸውን እያስያዟት ይገቡ ጀመር። እኔ ከኋላዬ ተሰልፎ ከነበረ ዳሪየስ ከሚባል ረጅም ጎረምሳና ከጓደኞቹ ጋር ገባሁ። ፋዘር፣ ልብህ ይችለዋል ወይ፣ ሐኪም ጠይቀሃል አለኝ። እኔ እርሻ ውስጥ መርዘኛ እባብ በእጄ ይዤ የጣልኩ ሰው ነኝ፣ አንተ ለራስህ እወቅ አልኩት። ገና ከመግባታችን ሸሚዜን ከኋላ ጨምድዶ ይዞ ሊቀድብኝ ነበር።

ውስጥ ምን እንዳለ ልንገርሽና ልብሽ ይረፍ። ጭራቆቹ አይነኩሽም፣ አንቺም አትነኪያቸውም። የሞተር መጋዝ ይዞ የሚያሳድድሽ አለ፤ ሰንሰለቱ ተፈቷል፣ የቀረው ጩኸቱና የቤንዚን ሽታው ነው። ጭሱ አያቃጥልም። መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል መሬት መሬቱን እዪ፣ አለዚያ ያዞርሻል። ሰው ጀርባ መደበቅ አይጠቅምም፣ የሚደበቀውን ነው ለይተው የሚመጡበት። ከሁሉም በላይ ደግሞ መቆም የለም። ሰልፉ እንደ ወንዝ ነው፤ ባትሪ የያዘ ልጅ ጥግ ላይ ቆሞ ወደፊት፣ ወደፊት ይላል። እኔ ደግሞ የመጣሁት ለመቆም ነበር። እያንዳንዱን ጭራቅ ዓይን ዓይኑን እያየሁ የእሷን ዓይን ፈለግሁ። አይሆንም። ይጨልማል፣ ይጮሃል፣ ይገፋሻል፣ አልፈሽ ተገኝተሻል። ሁለት ቤት ጨርሼ ስወጣ፣ አፌ ሲፎክር ሆዴ ተስፋ ቆርጦ ነበር።

ሦስተኛው ቤት በጎርፍ የሰመጠ ሆቴል መስሎ የተሠራ ነው። አንድ ጠባብ ኮሪደር አለ፣ ግራና ቀኙ በር በር ብቻ። ከአንዱ በር አረም የተጠመጠመባት፣ ፊቷ ያበጠ አረንጓዴ ጭራቅ ዘላ ትወጣለች። ከፊቴ የነበረችውን ሴት አስፈራርታ ከግድግዳ ጋር አጣበቀቻት። ተራዬ ደረሰ። ጭራቋ በሩ ውስጥ ቆማ አየችኝ። አልተንቀሳቀሰችም። ገና እንዳለፍኩ ዳሪየስ ላይ ዘለለችበትና እንደ በግ ጮኸ።

እንዴት እንደተናደድኩ አልነግርሽም። ሽማግሌ ብላ ናቀችኝ አልኩ። ሌሎቹ ሁሉ ወግ ባለው መንገድ መጥተውብኛል፣ አልፈራሁም እንጂ። ይቺ ግን እንደ ቤት ዕቃ አሳለፈችኝ። ስወጣ ባትሪ ለያዘው ልጅ፣ ያቺ አረንጓዴዋ ሥራዋን አትሠራም ብዬ ከሰስኳት። ልጁ ሳቀ። አባት፣ እሷ እኮ ከሁላችንም የበረታችው ናት አለኝ። እንግዲያው ታስፈራራኝ ብዬ ተመልሼ ተሰለፍኩ። ዳሪየስም ይሄን ሳላይ አልሄድም ብሎ ተከተለኝ። ሁለተኛም ያው ሆነ። ከፊት ያለውን አስፈራራች፣ ከኋላ ያለውን አስፈራራች፣ እኔን አሳለፈችኝ።

ስንወጣ ዳሪየስ እያለከለከ፣ ፋዘር፣ ይቺ ጭራቅ ወይ ትፈራሃለች ወይ ታውቅሃለች አለኝ። እሱ እኔ ላይ መቀለዱ ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜ ማን እንደሆነች ገባኝ።

ትዝ ይልሻል ማቪስ? ኦፓል ትንሽ ሆና ትምህርት ሲዘጋ እኔ ጋ ስትከርም፣ ከማድቤቱ በር ጀርባ ተደብቃ ባ ትለኝ ነበር። አንድ ቀን ልቀልድባት ብዬ ደረቴን ይዤ ወለሉ ላይ ተዘረርኩ። የሞትኩ መሰላት። አንቺ ከጓሮ ሮጠሽ መጥተሽ ትልቅ ሰው እንዲህ ያደርጋል ወይ ብለሽ ስትቆጪኝ፣ እሷ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ አባባ፣ ሁለተኛ አላስፈራራህም ብላ ማለች። እኔ ረስቼው ነበር። አንቺም ረስተሽዋል። እሷ ሰውን ሁሉ የምታስፈራራበት ቦታ ላይ ቆማ እንኳ አልረሳችውም።

ሦስተኛ ተሰለፍኩ። እሷ ሥራ ላይ ናት፣ መናገር አትችልም። እኔም መቆም አልችልም። ስሟን ብጠራ ያ ሁሉ ጩኸት ይውጠዋል። ስለዚህ በሩ ጋ ስደርስ ሰውነቴ የቻለውን ያህል ዘልዬ እኔው ባ አልኳት። ጭራቋ ጮኸች። የጭራቅ ድምፅ የሚባለው ሁሉ ጠፍቶባት በገዛ ድምፅዋ፣ አይጥ ባየች ቁጥር በምትጮኸው ድምፅ ጮኸች። ከዚያ ከአረሙ ውስጥ፣ አባባ፣ አባባ አንተ ነህ የሚል ሰማሁ። ሰልፉ ገፍቶ አሳለፈኝ።

አንቺ ይህን እንዳታደርጊ። እንግዳ ጭራቅን ማስፈራራት አይፈቀድለትም። ባትሪ የያዘው ልጅ ክንዴን ይዞ አወጣኝ። ከፓርኩ ሊያስወጣኝ መብቱ ነበር። ዳሪየስ ሮጦ መጥቶ፣ አቦ ተወው፣ ልጁን ነው ያገኘው ሲለው ፊቴን አየና ዴልፊን አጠገብ አስቀምጦ ቀዝቃዛ ውሃ አመጣልኝ። እናት የባረከችው ልጅ ነው፣ ስሙን ሳልጠይቀው ቀረሁ። በጸሎቴ ባትሪ የያዘው እያልኩ እጠራዋለሁ፤ እግዚአብሔር ያውቀዋል።

ጭራቆቹ በየተራ ያርፋሉ። ተራዋ ሲደርስ ልብሷን ቀይራ መጣች፣ ፊቷን ግን ግማሹን ብቻ ነበር የጠረገችው። ሰላምታ አልሰጠችኝም። አልሳመችኝም። ዴልፊን፣ ይህን ቃል በቃል ጻፊው። መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ እማዬ ታማለች ወይ ብላ ነው። ደህና ናት፣ ጉልበቷን ብቻ ነው የሚያማት አልኳት። ያን ጊዜ ነው ተጠምጥማብኝ ያለቀሰችው። አረንጓዴው ቀለም ሸሚዜ ላይ ቀረ። ዴልፊን በኮምጣጤ ይለቃል ብላ ነበር፣ እንዳትነኪው አልኳት።

ለምን አላስፈራራሽኝም ብዬ ጠየቅኋት። ምዬ የለም እንዴ አለችኝ፤ እንደ ቀላል ነገር። አለቆቿም ቢቆጧት ግድ እንዳልነበራት ነገረችኝ። ከዚያ ተቀምጠን ወጪውን ሰው አየን። ሁሉም እየጮኸ ይገባል፣ እየሳቀ ይወጣል፣ ያልተዋወቀው ተቃቅፎ ይወጣል። አየህ አባባ፣ ይሄን ነው የምሠራው አለችኝ። እኔ ሐኪም ቤት ብዙ ጊዜ ተኝቻለሁ፤ እየሳቀ የሚወጣ ብዙ አላየሁም። ይህን የምልሽ እንድትናደጂ አይደለም፣ እውነት ስለሆነ ነው።

አሁን ቃሏን ልንገርሽ። እማዬ ትምጣ አለች። ግን መጀመሪያ እንደ ሰው ሁሉ ተሰልፋ ትግባ፣ ሥራዬን ትይልኝ፣ ከዚያ እናወራለን አለች። የስልክ ቁጥሯን ሰጥታኛለች። ለአንቺ አልሰጥሽም፣ በስልክ ትጣያላችሁ። ነይ። ወሩ ሲያልቅ ቤቶቹን ያፈርሷቸዋል፣ ያ በር አይኖርም።

የትኛው በር እንደሆነ አልነግርሽም። አንቺን ታስፈራራሻለች፤ የማለችው ለእኔ ነው እንጂ ለአንቺ አልማለችም። እኔ ደግሞ አንቺን አውቅሻለሁ። ከንፈርሽን ነክሰሽ፣ አንገትሽን አቅንተሽ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ታልፊያለሽ። እንዳታደርጊው ልጄ። አንድ ጊዜ እንኳ የእኔ ልጅ መሆንሽን ተዪው። ጩኺ። ሆድሽ ውስጥ ሁለት ዓመት የያዝሽውን ሁሉ አውጥተሽ ጩኺ። እዚያ ጨለማ ውስጥ ቆማ የምትጠብቀው እሱን ነው። እኔ መውጫው ላይ ከዴልፊን ጋር ተቀምጬ የሰው ኮፍያ እጠብቃለሁ።

ሂድና ፈልጋት ስላልሽኝ አመሰግንሻለሁ። ባትጠይቂኝ ከዚህ ወንበር አልነሳም ነበር። ሌስተርን ሰላም በይልኝ፣ አንቺን ወደ አውሮፕላን ማረፊያ እንዲያደርስሽ እኔ አዝዤዋለሁ በይው። ኤሞሪን በሁለቱም ጉንጩ ሳሚልኝ፤ እህትህ ጭራቅ ሆናለች፣ ከሁሉም የበረታችው ናት በይው፣ ደስ ይለዋል። አማትሽን እማማ ኢንግሪድን ጤና ይስጥልን በይልኝ። ውሻውንም ጆሮውን አሻሺልኝ።

አባትሽ አምብሮስ ፑልየም
ሌክ ዌልስ፣ ፍሎሪዳ፣ ኦክቶበር 8 ቀን

በቃ ዴልፊን። አሁን ከላይ ጀምረሽ መልሰሽ አንብቢልኝ። እማዬ ታማለች ወይ የሚለው ጋ ስትደርሺ ቀስ በይ።