የቲቶ ስም በጋሽ አስረስ ግድግዳ ላይ

ሚዛን አማን
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ዓለሜ ሕዝቄ፣

የጁባ ሙቀት እንዴት አደረገህ? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷን ያማታል እንጂ አፏ እንደ ድሮው ነው። ስልኩ እየተቆራረጠ ይህን ሁሉ እንዴት አወራዋለሁ ብዬ ነው የጻፍኩልህ።

ከገበያ ወደ እኛ ቤት የሚወርደው መንገድ ኮብልስቶን ተነጠፈ። ቀበሌው ስም እናውጣለት ብሎ ሰበሰበንና መምህር ይስሐቅ ተነስቶ በአባባ ስም፣ በቲቶ ይሰየም አለ። ነገሩ ሲሆን አንተ ሕፃን ነበርክ። ያኔ ሸክላ ሠሪ ሻይ ቤት አይገባም፤ ደጅ ቆሞ በዛገ ጣሳ ነበር የሚጠጣው። እንደ ሰው ገብተን በብርጭቆ እስክንጠጣ አንድ ምጣድ ገበያ አይወጣም ብሎ ሸክላ ሠሪውን ሁሉ ያሳደመው አባባ ነው። ሴቱ ምጣዱ ሲሰነጠቅበት ባሉን ነዘነዘ፣ በሩም ተከፈተ።

ታዲያ በስብሰባው አንዱ ነጋዴ፣ ሱቄ ላይ የሸክላ ሠሪ ስም ልጽፍ ነው ወይ ብሎ ሳቀ። ሌላው የልማት ጎዳና ይባልና እንገላገል አለ። እማዬ አንገቷን ደፋች። በዚህ መሃል ማን ቢነሳ ጥሩ ነው? ጋሽ አስረስ፣ የሳራ አባት። ላንተ የላክናቸውን ሽማግሌዎች ከደጅ የመለሱት ሰውዬ። በቃ አለቀልን አልኩ።

ከዘራቸውን ተደግፈው፣ "የመንገዱ ጥግ የኔ ግድግዳ ነው። የቲቶ ታፔላ እዚያ ይሰቀላል። የከፋው መጥቶ ያውርደው" አሉ። እጅ ሲቆጠር በለጥን።

ታፔላው የተሰቀለ ዕለት ጋሽ አስረስ እማዬን እጇን ይዘው ቤታቸው አስገቧት። ሳራ ሻይና ዳቦ አቀረበች። እማዬ ግን ዓይኗ ጥግ ያለው እንስራ ላይ ቀረ። ተነስታ አንገቱን ዳበሰችው። የራሷ የአውራ ጣት ምልክት አለበት።

"ይሄስ ስንት ዘመን ቀድሞኝ ገብቷል" አለች።

ጋሽ አስረስ አቀረቀሩ። እማዬ ሳቅ ብላ ሻይዋን እስከ ጭላጩ ጠጣች። እኔ በልቤ ጌታን አመሰገንኩ።

ስንወጣ፣ ልጁ ደህና ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ደህና ነው አልኳቸው። ና ብዬ አልነዘንዝህም፣ ያኔ የደረሰብህን አውቃለሁ። ብቻ ጠዋት ወደ ገበያ ስወጣ ሳራ የታፔላውን አቧራ በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ አያታለሁ። አላገባችም።

የአባባ አምላክ በሄድክበት ሁሉ በር ይክፈትልህ።

እህትህ ንጋቷ
ከቲቶ መንገድ