መረቁና ፈላስፋው

ጥቅምት 24

ሙቀቱ ዛሬም አልቀለለም። ከሽንፋ የመጡ የሰሊጥ ሠራተኞች ገና በረፋዱ ምግብ ቤቴን ሞሉት። ደጄ ላይ ሻይ የምትሸጠው መስቱራ ባታግዘኝ ወድቄ ነበር። የሱዳኑን ጦርነት ሸሽታ ወደ መተማ ስትሻገር ደጄን ሰጠኋት... አሁን ማን ማንን እንዳስጠጋ እንጃ።

ልጄ ማህደር ዩኒቨርሲቲው እስኪጠራቸው ቤት ናት። ስልኳ ላይ አፍጥጣ ትውላለች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ፍልስፍና ነው፣ እማ። የጥንት ክርስቲያኖች።»

ጾሙንና ስግደቱን አውቃለሁ። ፍልስፍና ደግሞ መቼ ገባበት? ነገ ንገሪኝ አልኳት።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

ምን ጉድ ሠራሁ!

ከመጀመሪያው ልጻፈው። ማህደር ሽንኩርት እየላጠች ታወራልኛለች። ከጌታ በኋላ መቶ ምናምን ዓመት ላይ የነበረ ሰው ነው አለች። እውነትን ፍለጋ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው ሲዞር ኖሮ ክርስቲያን ሆነ። ከሆነም በኋላ የፈላስፋ ካባውን አላወለቀም! ማሰብና ማመንን ማን አጣላቸው ብሎ። ደግሞ ምን አለ... እግዚአብሔር ቃሉን እንደ ዘር በሰው ሁሉ ውስጥ ዘርቶታል። ክርስቶስ ሳይወለድ በሞተው በግሪኩ በሶቅራጥስ ሳይቀር።

«ፈረንጆቹ ኋላ ትልልቅ ትምህርት ቤቶቻቸውን ሲያቆሙ፣ ስለ ሕግ ሲከራከሩ፣ ከሱና ከመሰሎቹ ብዙ ወስደዋል» አለችኝ።

በሰው ሁሉ? የሰሊጡ ነዶ ሲራገፍ ከሸራው ውጭ የሚበተነው ፍሬ ትዝ አለኝ። በክረምቱ ማንም ያልዘራው መንገድ ዳር በቅሎ እናየው የለ?

እንዲህ ፈዝዤ ሳለ የሙስሊሞቹ ድስት መረቁ ደረቀ። ከክርስቲያኖቹ ድስት ጨልፌ ጨመርኩበት። በገዛ እጄ! ሃያ ዓመት ሁለት ድስት ስጥድ ጭልፋ እንኳ አደባልቄ አላውቅም። የነቃሁት መስቱራ በልታ ጣቷን ስትልስ ነው።

«ወላሂ ሀብትነሽ፣ የዛሬውስ ልዩ ነው!»

ደግነቱ ሌላ ሙስሊም አልበላም። የቀረውን ደፋሁት። ለእሷስ... ምን ብዬ?

ጥቅምት 26

ጾም ነው፣ ሽሮ ብቻ። አልነገርኳትም።

ጥቅምት 27

ብትሄድብኝስ? እህት እኮ ነው ያገኘሁት።

ማህደርን ጠየቅኋት፤ ያ ሰውዬ መጨረሻው ምን ሆነ?

«ሮም ላይ ለጣዖት ሠዋ አሉት። እምቢ አለ፣ አንገቱን ቀሉት።»

እሱ ስለ እውነት አንገቱን ሰጠ። እኔ በአንድ ጭልፋ መረቅ ምላሴ ይታሰራል? ወጥቼ ነገርኳት።

መስቱራ ብርጭቆ ማጠቧን ተወች። «መቼ ነው?»

«ማክሰኞ።»

«ዛሬ ሐሙስ ነው።»

ማንቆርቆሪያዋን፣ ከሰሏን፣ በርጩማዋን አነሳች። መንገዱን ተሻግራ ባጃጆቹ የሚቆሙበት ሄዳ ተቀመጠች።

ጥቅምት 29

እዚያው ናት። ሾፌሮቹ «ተጣላችሁ እንዴ?» ይሉኛል። ወጡን ጨው አበዛሁበት።

ኅዳር 1

መጣች! በርጩማዋን ታቅፋ በሩ ላይ ቆመች።

«ሸኹን ጠየቅኋቸው። ሳያውቅ የበላ ኃጢአት የለበትም አሉኝ።»

«ታዲያ አራት ቀን ሙሉ ምነው?»

«ሥጋው መቼ አናደደኝ? ሁለት ቀን ዓይን ዓይኔን እያየሽ ሻዬን ስትጠጪ ነው እንጂ! ከሌላ ሰው ብሰማውስ?»

እውነቷን ነው። አለቀስኩ።

«በይ ተይ አሁን፣ ደንበኛ ታሸሺብኛለሽ» አለችኝ።

ከዛሬ ጀምሮ የሙስሊሞቹን ድስት የምትጥደው እሷ ናት። እኔ በዚያ በኩል ዝር አልልም!

ኅዳር 8

ማህደር ጎንደር ገባች። ቤቱ ጭር ሲልብኝ ያንን የዘሩን ነገር ለመስቱራ አወራሁላት።

ሳቀች። «በሰው ሁሉ? ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ ድረስ? እናቴ ትነግረኝ ነበር።» ትንሽ ቆይታ ግን ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ሀብትነሽ... በሁሉም ከተዘራ፣ በጦርነቱ ቤቴን ያቃጠሉት ልጆች ውስጥ የት ገባ?»

ድሮ ብሆን የእግዚአብሔር ሥራ ነው ምናምን ብዬ አልፋት ነበር።

«አላውቅም» አልኳት። እዚያው፣ ሳላሳድር።

አየችኝ። «እንኳንም አውቃለሁ አላልሽኝ።»

ማህደር ጋ ደወልን። ጥያቄውን ነገርናት። «እማ፣ ሊቃውንቱ ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ሲከራከሩበት ኖረዋል። አልጨረሱትም።»

ሁለት ሺህ ዓመት! ስንቱ ሊቅ፣ ስንቱ ፈረንጅ የደከመበትን ጥያቄ መስቱራ እዚህ መተማ፣ እኔ ጓዳ፣ ሽንኩርት እየከተፈች አነሳችው።