ሥራው የእኔ ነው ያሉት የጋሽ ቸርኬ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ ልንሸኛቸው የቆምንላቸው፣ ሰፈሩ «ጋሽ ቸርኬ» እያለ የሚጠራቸው ታላቅ ወንድሜ፣ ከመጋዘን ዘበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው መጋቢት 9 ቀን 1943 ዓ.ም. ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ተወለዱ። ከሦስት ልጆች የመጀመሪያው ነበሩ። ሁለተኛዋ ይህን የምጽፈው እኔ እህታቸው ነኝ። ሦስተኛው ታናሽ ወንድማችን ነው።

ትምህርታቸውን እስከ አሥረኛ ክፍል ተከታትለዋል። በ1960 ዓ.ም. አባታችን በድንገት ሲያርፉ ደብተራቸውን ዘግተው ብስክሌት ጥገና ቤት ተቀጠሩ። ታናሻችን ያኔ ጡት አልጣለም ነበር። የመጀመሪያ ጫማውን የገዙለት፣ ትምህርት ቤት ያስመዘገቡት፣ ሲያተኩሰው በጀርባቸው አዝለው ጤና ጣቢያ ያደረሱት እሳቸው ናቸው። ይህን የምዘረዝረው ላስለቅሳችሁ ብዬ አይደለም፤ ኋላ ላይ ስለሚያስፈልገኝ ነው።

በ1968 ዓ.ም. ከነዳጅ ማደያው ጀርባ የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። በ1971 ዓ.ም. ከስልክ ቤት ሠራተኛዋ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል።

ሥራቸው አሮጌ ሞተር ሳይክሎችን ሰፊ ጎማ ማልበስ ነበር። የድሮ ሞተር ጎማው ጠባብ ነው፤ ሰፊ ጎማ ደግሞ ሰፊ ቸርኬ፣ ማለትም ጎማው የሚቀመጥበት ክብ ብረት፣ ይፈልጋል። ስለዚህ የሞተሩን እግር እስከ መሃሉ ፈትተው፣ አዲስ ቸርኬ አምጥተው፣ ቸርኬውን ከመሃሉ ጋር የሚያያይዙትን ቀጫጭን የብረት ራጂዎች አንድ በአንድ እንደገና መግጠም ነበረባቸው። ጎማው ካቴናውን እንዳይነካ ቸርኬውን በጥቂት ሚሊሜትር ወደ አንድ ጎን ያስጠጉታል። ከጨረሱ በኋላ እግሩን እያሽከረከሩ ራጂዎቹን በካቻቪቴ እጀታ ይመቷቸዋል፤ ከአርባዎቹ ራጂዎች አንዷ ድምጿ ከደበተ ከሥር ይጀምራሉ። ደንበኛው ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ቢሰድብ ግድ አልነበራቸውም። እግሩን የሚይዘው ሹካ ጠባብ ለሆነ ሞተር ሰፊ ጎማ የሚለምን ሲመጣባቸው «ስፋት የፈለገ አልጋ ይግዛ» ብለው ይመልሱታል። ብዙ ሰው አኩርፎባቸዋል፤ የወደቀባቸው ግን አልነበረም።

አንድ ሕግ ነበራቸው፦ አሮጌ ራጂ አዲስ ቸርኬ ላይ አይገጠምም። ሰፊው ቸርኬ ብዙ ጊዜ ዙሪያው አነስ ስለሚል አሮጌው ራጂ ይረዝምበታል። የተረፈውን በሞረድ በልቶ ማጥበቅ ይቻላል። ነገር ግን የራጂው ጥርስ ቶሎ ያልቅና ማጥበቂያው ባለበት ይቆማል፤ እጅ ጠበቀ ብሎ ይታለላል፣ ራጂው ግን ምንም አልያዘም። ይህን ታናሻችንን ከመቶ ጊዜ በላይ አስተምረውታል። እኔም የጋራዡ ባንኮኒ ላይ የጎማ ካላማዳሪ እየሸጥኩ ስለምውል መቶውንም ጊዜ ሰምቻለሁ።

በ1994 ዓ.ም. ግንቦት ወር እናታችን ታመው ጋሼ ለሦስት ቀን ሆስፒታል አደሩ። በዚያው ሰሞን አንድ የጂኦግራፊ መምህር ከአባታቸው የወረሱትን አሮጌ ሞተር ሰፊ ጎማ እንዲለብስላቸው አምጥተው ነበር። በሰፊው ቸርኬ ልክ የተቆረጡት አዲሶቹ ራጂዎች ገና አልደረሱም። ታናሻችን ሠርጉ ወር ቀርቶት ነበርና ሥራው እንዲያልቅለት ቸኮለ፤ አሮጌዎቹን ራጂዎች ሞርዶ ገጠማቸው። እኔ ባንኮኒው ላይ ሆኜ አየሁት። «ጋሼ እስኪመጣ ጠብቀው» አልኩት። «እትዬ፣ ሰውየው እኮ ቸኩለዋል፤ ደግሞ ጠብቋል፣ ነይ ንኪው» አለኝ። ሄጄ ነካሁት። የጠበቀ ይመስል ነበር። ወደ ባንኮኒዬ ተመለስኩ።

መምህሩ በሁለተኛው ቀን ቁልቁለቱ ላይ የሞተሩ የኋላ እግር ተበታትኖባቸው ወደቁ። ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

ጋሼ ከሆስፒታል ሲመለሱ የተሰባበረውን ቸርኬ አንስተው አዩት። አንዷን ራጂ ነቅለው ጫፏን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ታናሻችንን አልመቱትም፤ ቢመቱት ምንኛ ደስ ባለኝ። የፖሊስ መርማሪ ሲመጣ «ራጂዎቹን ሞርጄ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ እሱ የገጠመው እኔ ባልኩት ነው፤ ሥራው የእኔ ነው» አሉ። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «አንቺም ያየሽው ነገር የለም» አሉኝ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይላሉ፤ እሱ ያፈሰሰውን የለቀሙት ግን ጋሼ ናቸው።

ሁለት ዓመት ታሰሩ። የሥራ ፈቃዳቸው ተሰረዘ። ታናሻችን በቀጠሮው ቀን ተሞሸረ፤ ሠርጉ ላይ አጨብጭቤያለሁ። በ1996 ዓ.ም. ሲፈቱ ጋራዡ የእሱ ሆኖ ጠበቃቸው። ሥራ ይሰጠኛል ብለው አንድ ጠዋት ሄደው ነበር። «ጋሼ፣ አንተን እዚህ ካዩህ ደንበኛ ይሸሻል» አላቸው። እውነቱን ነው፣ ይሸሽ ነበር። የሚሸሸው በማን ጥፋት እንደሆነ ግን እሱም እኔም እናውቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለአሥራ ስድስት ዓመታት በዱቄት ፋብሪካ በር ላይ በዘበኝነት አገልግለዋል። የፋብሪካውን የእጅ ጋሪዎች እግር ማንም ሳያዛቸው ያቃኑ ነበር። ሰፈሩ ጋሽ ቸርኬ ማለቱን ትቶ «እግር ቆራጩ» አላቸው። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ይህንኑ ስም እየሰሙ አደጉ። ባለቤታቸው በ2004 ዓ.ም. ሲያርፉ እውነቱን ሳያውቁ ነው ያረፉት። ዛሬ ነጠላችሁን አዘቅዝቃችሁ ከቆማችሁት መካከል ያንን ስም ያወጣችሁና ያዳመቃችሁ አላችሁ፤ አልቆጥራችሁም። ከሁላችሁም የባስኩት እኔ ነኝ፤ እናንተ አታውቁም ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀመጥኩ፤ ፈጀው።

ጋሼ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። በመጨረሻው ሳምንት አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ «ልናገረው?» አልኳቸው። «እኔ ስሞት አንቺ ታውቂያለሽ» አሉኝ። ፈቃድ ይሁን ድካም እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ጥር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው አረፉ።

ይህን ጽሑፍ ከሁሉ በፊት ወስጄ ያስነበብኩት መምህሩን ነው። ክራንቻቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያም «ሰውየውን በበራቸው ባለፍኩ ቁጥር ስሰድባቸው ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ መልስ አልሰጡኝም፤ አሁን ይቅርታውን ለማን ልበለው?» አሉኝ። የጋሼን ልጆችም ጠርቼ ነገርኳቸው። ታናሽየዋ ጮኻ አለቀሰች። ትልቋ ተነስታ የአባቷን ጫማ መወልወል ጀመረች።

ታናሽ ወንድማችን ግን እንደ እናንተው አሁን ነው የሚሰማው። ጽሑፉን የማሳተሙን ነገር የወሰደው እሱ ነበር። ሳያነበው እንዳይታተም ብዬ «ልስጥህና አንብበው» ስለው፣ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ «እትዬ፣ አንቺ እንዳልሽው ይሁን» አለኝ። እንዳልኩት ሆኗል።

ጋሽ ቸርኬ ሁለት ሴቶች ልጆች፣ ሦስት የልጅ ልጆች፣ አንዲት እህትና አንድ ወንድም ነበሯቸው። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ስማቸውን በማያጠፉ ሰዎች መካከል ያኑርልን። ለቤተሰቡ መጽናናትን ይስጥ ማለት ልማድ ነው፤ ለልጆቻቸው ዛሬውኑ ይስጥልኝ። ለወንድሜና ለእኔ ግን አይቸኩል።